«እንዴት አደሩ?» እና «ያምዎታል ወይ?»፦ ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚሰጡ የሕመም ማስታገሻዎች ንጽጽር

ደነባ የተወለድኩባት ከተማ ናት። ዛሬ የምናገርበት ጉዳይም ለእኔ የተጀመረው በአንድ የሲያደብርና ዋዩ ገበሬ አልጋ አጠገብ ስለ ሆነ፣ ነገሩን ወደ ተነሣበት አገር ይዤው መምጣቱ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

ጊዜው 1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ከሕክምና ትምህርት ቤት ወጥቼ በጠቅላላ ሐኪምነት መሥራት ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። እሠራበት ወደ ነበረው ሆስፒታል፣ የትኛው እንደ ሆነ መጥቀሱ ለዛሬ አይጠቅመንም፣ አንድ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው በቃሬዛ መጡ። አንጀታቸው ተጠምዝዞ ነበር። የአንጀት መጠምዘዝ በደጋው አገራችን ለድንገተኛ የሆድ ቀዶ ጥገና ከሚዳርጉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ መሆኑን ታውቃላችሁ። ገና ሲያዩኝ የአባቴን ስም ጠርተው «የእሱ ልጅ አይደለሽም?» አሉኝ። ከአባቴ ጋር ዕቁብ የጠጡ ሰው ነበሩ።

ቀዶ ጥገናው በጥሩ ሁኔታ ተጠናቀቀ። በማግስቱ ጠዋት በጉብኝት ሰዓት «እንዴት አደሩ፣ አባቴ?» አልኳቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ካርዳቸው ላይ «ደኅና አድረዋል፤ ሕመም የለም» ብዬ ጻፍኩ። በሁለተኛው ቀን ያው ጥያቄ፣ ያው መልስ፣ ያው ጽሑፍ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። የታዘዘላቸው ማስታገሻ «ሲያስፈልግ» የሚል ነበርና፣ በካርዱ መሠረት አላስፈለገም፤ ማንም አልሰጣቸውም። በአራተኛው ቀን ትኩሳት ያዛቸው፣ ትንፋሻቸው አጠረ፣ የሳንባ ምች ሆነ። ሰውየው አልሞቱም። ነገር ግን ተጨማሪ ሁለት ሳምንት ተኙ። ወሩ ኅዳር ነበር፤ የደነባ ሰው ኅዳር ላይ ሁለት ሳምንት መተኛት ምን ማለት እንደ ሆነ ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ለብዙዎቻችሁ ማስረዳት አይኖርብኝም። ለመድኃኒቱና ለአስታማሚው ወጪ አንዲት ጊደር ተሸጠች።

ሊወጡ ሲሉ፣ ለምን ሕመም እንዳለባቸው እንዳልነገሩኝ ጠየቅኋቸው። በሦስቱም ሌሊት ማሳል ፈርተው፣ አክታቸውን እየዋጡ፣ የአልጋውን ብረት ጨብጠው ማደራቸውን ልጃቸው ነግሮኝ ነበር። እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ እንዴት አደሩ አልሽኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩሽ። ያምዎታል ወይ ብለሽ መቼ ጠየቅሽኝ?»

በኋላ ወደ ፋርማኮሎጂ ትምህርት የሄድኩት በሌሎችም ምክንያቶች ነው፤ ያች ጥያቄ ግን አብራኝ ሄዳለች። ዛሬ መድኃኒቶቹን ከመድኃኒቶቹ ጋር አነጻጽራለሁ፤ በዚያ ብቻ ግን አላበቃም፤ አሰጣጡንና አጠያየቁንም ከንጽጽሩ ውስጥ አስገባለሁ። ምክንያቱም ለእኚያ ሰው ያልደረሰላቸው መድኃኒት በዚያን ጊዜ በመደርደሪያው ላይ ነበረ።

በመጀመሪያ ስለ ጉዳቱ ጥቂት ልበል። ሆዱ የተከፈተ ሰው ጥልቅ ትንፋሽ ሲስብ ቁስሉ ይወጠራል፤ ስለዚህ በአጭሩ ይተነፍሳል። ሳል ሲመጣበት ያፍነዋል። አክታው ይጠራቀማል፣ የሳንባው የታችኛው ክፍል ይጨማደዳል፣ ተሕዋስያን መራቢያ ያገኛሉ። ከአልጋው ስለማይነሣ ደም በእግሩ ደም ሥሮች ውስጥ ሊረጋ ይችላል። በቀዶ ጥገና የወለደች እናት ልጇን አንስታ ለማጥባት ትቸገራለች። ከዚህ ሁሉ አልፎ የሚቀር ሕመምም አለ፦ ኬሌት፣ ጄንሰንና ዉልፍ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ላንሴት በተሰኘው መጽሔት ባሳተሙት ሰፊ ግምገማ፣ እንደ ቀዶ ጥገናው ዓይነት ከመቶ ከ10 እስከ 50 የሚሆኑ ሰዎች ቁስሉ ከዳነ በኋላም ሕመሙ እንደማይለቃቸው አሳይተዋል። ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚሰማ ብርቱ ሕመም ለዚህ ከሚያጋልጡት ነገሮች አንዱ ነው። እንግዲህ ሕመም ማስታገስ ከሕክምናው በኋላ የሚጨመር ቸርነት አይደለም፤ የቀዶ ጥገናው አካል ነው።

አሁን ወደ መድኃኒቶቹ። ማስታገሻዎችን እርስ በርስ ለማወዳደር ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት አንድ ቀላል መለኪያ አለ፦ አንድ ሰው በባዶ ክኒን ሊያገኝ ከሚችለው በላይ ተጠቅሞ ሕመሙ ቢያንስ በግማሽ እንዲቀንስለት ስንት ሰው መታከም አለበት? ቁጥሩ ባነሰ መጠን መድኃኒቱ የበረታ ነው። ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ማኅበር በዚህ መለኪያ ብዙ ጥናቶችን ሰብስቧል። ስታነቡት ከተማራችሁት ቅደም ተከተል ጋር የማይስማማ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በአንድ ጊዜ ለሚዋጥ መጠን፣ ኮዴይን 60 ሚሊ ግራም ቁጥሩ 12 ነው፤ አሥራ ሁለት ሰው ታክሞ አንዱ ይጠቀማል ማለት ነው። ትራማዶል 100 ሚሊ ግራም 5 ገደማ ነው። አንድ ግራም ፓራሲታሞል 3.6። አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም 2.5፤ ዳይክሎፌናክም በዚያው አካባቢ ነው። በጡንቻ የሚወጋ 10 ሚሊ ግራም ሞርፊን 3 ገደማ። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ይህ ነው፦ 200 ሚሊ ግራም አይቡፕሮፌንና 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል፣ ሁለቱ አነስተኛ መጠኖች አብረው ሲሰጡ 1.6።

ከዚህ በመነሣት «አይቡፕሮፌን ከሞርፊን ይበልጣል» ብላችሁ እንዳትሄዱ እማጠናለሁ። ከእነዚህ ጥናቶች አብዛኞቹ የመንጋጋ ጥርስ ባስነቀሉ ሰዎች ላይ፣ በአንድ ጊዜ መጠን የተደረጉ ናቸው። አይቡፕሮፌን ጣሪያ አለው፤ መጠኑን ብትጨምሩት ከዚያ በላይ አያስታግስም፣ ጉዳቱ ብቻ ይጨምራል። ሞርፊን እንደ ሕመሙ መጠን ከፍ ሊል ይችላል፤ ገደቡ ትንፋሽ ነው። ሆድ ዕቃው በሰፊው ለተከፈተ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሃያ አራትና አርባ ስምንት ሰዓታት ክኒኖቹ ብቻቸውን አይበቁም። ቁጥሮቹ የሚነግሩን ሌላ ነገር ነው፦ ርካሾቹና በየትኛውም ጤና ጣቢያ የሚገኙት ሁለት መድኃኒቶች በአንድነትና በሰዓታቸው ከተሰጡ የአብዛኛውን ሕመም መሠረት ይጥላሉ፤ የበረታው መድኃኒት በእነሱ ላይ የሚታከል ይሆናል። የምናዝዘው ግን ብዙውን ጊዜ በተቃራኒው ነው፤ አንዱን እንሰጣለን፣ አልሠራም ስንባል እሱን አቁመን ሌላውን እንጀምራለን።

የመርፌ ነገርም አለ። «መርፌ ካልተወጋሁ አልዳንኩም» የሚል ሕመምተኛ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ መርፌ ካላዘዘ ያከመ የማይመስለው ሐኪምም አለ። በዳይክሎፌናክ መርፌ መቀመጫው ያበጠና ሁለት ሕመም ተሸክሞ የሚውል ሰው አይቻለሁ። ሕመምተኛው መዋጥ ከቻለና አንጀቱ ሥራ ከጀመረ ክኒኑ ያንኑ ሥራ ይሠራል። በዚህ ቤተሰብ መድኃኒቶች ላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ሌላ ቦታ ነው። ደም ብዙ የፈሰሰው፣ ፈሳሽ ያልተተካለት፣ ሽንቱ ያነሰ ሰው ኩላሊቱ በእነሱ ሊጎዳ ይችላል። በፍልሰታ ወይም በዐቢይ ጾም የምትተኛ እናት፣ ለታመመ ሰው ጾሙ እንደሚቀርለት የነፍስ አባቷ ቢነግሯትም፣ ውሃ ሳትቀምስ እስከ ቀትር ልትቆይ ትችላለች፤ ይህን ሳትጠይቁ አታዝዙ። «ጨጓራ አለብዎት?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ በአገራችን «የለብኝም» የሚል ሰው ማግኘት ይቸግራል። ጥቁር ሰገራ ታይቶባቸው እንደ ሆነ፣ ደም አስታውከው እንደ ሆነ ጠይቁ። እውነተኛው ማስጠንቀቂያ ያ ነው። በፓራሲታሞልም ቢሆን ክብደትን መርሳት አይገባም፤ በቀን አራት ግራም የሚባለው 50 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ነው። ከዚያ በታች ለሆኑት፣ እነሱም በዚህ አገር ጥቂት አይደሉም፣ በአንድ ጊዜ ለአንድ ኪሎ 15 ሚሊ ግራም ብላችሁ አስሉ።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ልቆይበት ወደምፈልገው ነጥብ ደረስኩ፤ እኛን ኢትዮጵያውያንን በተለይ የሚመለከት ነውና። ኮዴይን ራሱ ሕመም አያስታግስም ማለት ይቻላል። ጉበታችን ውስጥ ሲ.ዋይ.ፒ. 2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ከኮዴይኑ ጥቂቱን ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል፤ የሚሠራው ያ ነው። ትራማዶልም ከፍተኛ ኃይሉን የሚያገኘው በዚሁ ኢንዛይም ሲለወጥ ነው። ኢንዛይሙን የሚያዘው ዘረመል በሰዎች መካከል ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1996 እሌኒ አክሊሉና በስዊድን የካሮሊንስካ ተቋም ባልደረቦቿ ከመቶ በሚበልጡ ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ከመቶው 29 የሚሆኑት ይህን ዘረመል በድርብ ወይም ከዚያ በላይ ይዘው ተገኙ። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ላይ ብቻ የሚታይ ነው። ድርብ ዘረመል ያለው ሰው ኮዴይኑን በፍጥነትና በብዛት ወደ ሞርፊን ሊለውጥ ይችላል። በሌላው ጫፍ ኢንዛይሙ የማይሠራላቸው ጥቂት ሰዎች አሉ፤ እነሱ ኮዴይን ቢውጡ ምንም አይሰማቸውም፣ እኛም «ሕመሙን ያጋንናል» እንላቸዋለን።

ጥናቱ በዚያ አላቆመም፣ እናንተም በዚያ እንዳታቆሙ። እ.ኤ.አ. በ2002 ከዚሁ የምርምር ቡድን የወጣ ሌላ ጽሑፍ በኢትዮጵያ የሚኖሩና በስዊድን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን አነጻጸረ። ዘረመላቸው ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ፣ አገር ቤት ያሉት ኢንዛይማቸው ዘገም ያለ ሆኖ ተገኘ፤ ከምግብም ይሁን ከሌላ፣ አካባቢው እጁ አለበት። ከዓመታት በኋላም ጫት ይህንኑ ኢንዛይም እንደሚያዳክም በሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ታይቷል። ስለዚህ ከፊታችሁ የተኛው ሰው ትራማዶል ሲሰጠው ምን እንደሚሆን ከፊቱ ላይ አታነቡትም፤ ስለ ዘረመሉ ብታውቁም እንኳ ሙሉ በሙሉ አታውቁም። ይህ በመጽሐፍ ላይ «ቀለል ያለ» ተብሎ በሁለተኛው ደረጃ የተቀመጠ መድኃኒት፣ ለእኛ ሕዝብ ከሞርፊን ይልቅ የማይገመት ነው። ሞርፊን መለወጥ አያስፈልገውም፤ የሰጣችሁት መጠን የሰጣችሁት መጠን ነው።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ኮዴይንና ትራማዶል ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች እንዳይሰጡ ወሰነ፤ ለሚያጠቡ እናቶችም እንዳይሰጡ አስጠነቀቀ። ውሳኔው የተነሣው ትንፋሻቸው ከተቋረጠ ልጆች ነው፤ ከእነሱም መካከል ቶንሲል ተቆርጦላቸው ወደ ቤት የተመለሱ ነበሩ። እንግዲህ ድርብ ዘረመሉ እንደ እኛ ባልበዛበት አገር ሳይቀር እንዲህ ካሰጋ፣ ከመቶ 29 በሆነበት አገር ቶንሲሉ ለተቆረጠ ልጅ ኮዴይን፣ በቀዶ ጥገና ለወለደች እናት ያለ ሐሳብ ትራማዶል ማዘዝ ምን ያህል ያስኬዳል? ይህን ስል ትራማዶል ብቻ በሚገኝበት ቦታ እናቲቱ በሕመም ትደር ማለቴ አይደለም። ከሌላው ጋር አዳብላችሁ በአነስተኛ መጠን ጀምሩ፤ ከመጀመሪያው መጠን በኋላ ተመልከቱ፤ ሕፃኑ ከወትሮው በላይ ቢያንቀላፋ ወይም ጡት መሳብ ቢደክመው ወዲያውኑ እንድትነግራችሁ ለእናቲቱ በቃል ንገሯት። ለአያቲቱም ንገሯት፤ ሕፃኑን የምትይዘው እሷ ናት።

ሞርፊንን የምንፈራው በሁለት ምክንያት ነው፤ ሱስና ትንፋሽ። የሱሱን ፍርሃት ቀለል አድርጌ አላየውም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ፣ ሕመም እንደ ሙቀትና የደም ግፊት ይለካ የሚለው መልካም ሐሳብ ከመድኃኒት ሻጮች ግፊት ጋር ተዳብሎ፣ ሕመምተኛው ለሳምንታት የሚበቃ ክኒን ይዞ ወደ ቤቱ የሚሄድበት ልማድ ተፈጠረ፤ ያስከተለውንም ጥፋት ዓለም አይቷል። የእኛ ችግር ግን ሌላ ነው። ስለ ሕመምና ስለ ማስታመም ሕክምና ያጠናው የላንሴት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ዘገባ፣ በዓለም ላይ በዓመት ከሚከፋፈለው በሞርፊን ልክ ሲሰላ 298.5 ቶን ከሚሆን መድኃኒት፣ ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች በሙሉ የደረሰው 0.1 ቶን ብቻ ነበር። ቀዶ ጥገና ለተደረገለት ሰው፣ አልጋ ላይ ሳለ ለሁለትና ለሦስት ቀን፣ በነርስ እጅ የሚሰጥ ሞርፊን ከዚያኛው ታሪክ ጋር የሚያመሳስለው ነገር ጥቂት ነው።

የትንፋሹ ፍርሃት ግን ተገቢ ነው፤ መፍትሔውም በእጃችን አለ። ሞርፊን ትንፋሽን ከማዘግየቱ በፊት ሰውን ያንቀላፋዋል። ሕመምተኛው በወሬ መካከል የሚያንቀላፋ፣ ስትጠሩት በግድ የሚነቃ ከሆነ የሚቀጥለውን መጠን አትስጡ፤ ትንፋሹን ሰዓት ይዛችሁ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ለዚህ የሚያስፈልገው ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓትና አንድ ደቂቃ ነው። ናሎክሶን በመድኃኒት ሳጥኑ ውስጥ መኖሩን ደግሞ ከማዘዛችሁ በፊት አረጋግጡ። እንግዳ የሆነብኝ ነገር፣ ሞርፊንን የሚፈሩ ባለሙያዎች ፔቲዲንን ያለ ፍርሃት መስጠታቸው ነው። ፔቲዲን ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ብቻ ይሠራል፤ ሰውነት ሲፈጨው የሚተወው ኖርፔቲዲን ግን ለብዙ ሰዓታት ይቆያል፤ ሲደጋገም ይጠራቀምና የሚጥል በሽታ የመሰለ መንቀጥቀጥ ሊያስነሣ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ካወጣው ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ስለ ኬታሚን አንድ ቃል ብቻ፦ በጣም አነስተኛ በሆነ መጠን፣ ለማደንዘዝ ከምንሰጠው እጅግ ያነሰ፣ በጥሩ ሁኔታ ያስታግሳል፣ ትንፋሽንም እምብዛም አይነካም፤ ቅዠት ግን ሊያመጣ ይችላልና ለአስታማሚው አስቀድሞ መንገር ያሻል።

በብዛት የማይሠራበት ርካሽ ዘዴ ደግሞ በቀዶ ሐኪሙ እጅ ነው። ቁስሉ ከመዘጋቱ በፊት በዙሪያው ቡፒቫኬይን መውጋት ጥቂት ደቂቃዎችን ብቻ ይወስዳል፣ ለብዙ ሰዓታትም ይጠቅማል። መጠኑ ለአንድ ኪሎ ከ2 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ፤ ለ50 ኪሎ ሰው 100 ሚሊ ግራም መሆኑ ነው። ለወገብ ማደንዘዣ የተዘጋጀውና ግሉኮስ ያለበት ቡፒቫኬይን ለዚህ አይሆንም፤ ሌላውን ከመድኃኒት ክፍሉ አስቀድሞ ማስመጣት ያስፈልጋል። ከተገኘ የሆድ ግድግዳን ነርቮች ማደንዘዝ ደግሞ ከዚህ ሊሻል ይችላል።

በወገብ ማደንዘዣ ስለ ወለደች እናት አስቡ። ከሁለት ወይም ከሦስት ሰዓት በኋላ ማደንዘዣው ይለቃታል። ቀዶ ጥገናው ማታ ተሠርቶ ከሆነ የሚለቃት እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ ሐኪሙ ሄዷል፣ ተረኛዋ ነርስ አንዲት ናት፣ የመድኃኒት ክፍሉ ተዘግቷል። ባሏ ማዘዣ ይዞ ከውጭ መድኃኒት ቤት ፍለጋ ይንከራተታል። ሕመሙ ግን ቀስ በቀስ የሚመጣ ሳይሆን አንድ ጊዜ ግንፍል የሚል ነው። ይህችን እናት ለመርዳት አዲስ መድኃኒት አያሻም፤ ፓራሲታሞሉና አይቡፕሮፌኑ ማደንዘዣው ሳይለቅ፣ እሷም ሳትጠይቅ መሰጠት ነበረባቸው። ካርዱ ላይ «ሲያስፈልግ» የሚለው ቃል ኃላፊነቱን ከባለሙያው ወደ ሕመምተኛው ያሸጋግራል፤ ሕመምተኛው ግን እንዲህ ያለ ኃላፊነት እንደ ተሰጠው የነገረው የለም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት መሠረቱ መድኃኒት በሰዓት ይታዘዝ። «ሲያስፈልግ» የሚለው ከዚያ በላይ ለሚታከለው ብቻ ይቀመጥ።

ስለ ሰዓት ካነሣሁ አንድ ትንሽ ነገር ላክል፤ ተማሪዎቼ ሲሰሙት ይስቃሉ። በየስድስት ሰዓቱ የሚሰጥ መድኃኒት በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 12፣ ቀን 6፣ ማታ 12፣ ሌሊት 6 ነው። በፈረንጅ አቆጣጠርም እነዚሁ ቁጥሮች ናቸው፤ ቦታ ብቻ ይለዋወጣሉ። ነርሷ በአንዱ ብትጽፍ፣ አስታማሚው በሌላው ቢያነብ፣ መድኃኒቱ በሰዓቱ ይሰጣል። በየስምንት ሰዓቱ የሚሰጠው ግን እንዲህ አይደለም፤ በፈረንጅ 2 ሰዓት የተጻፈው በእኛ 8 ሰዓት ነው። አስታማሚው በራሱ ሰዓት 2 ብሎ ካነበበው መድኃኒቱ ስድስት ሰዓት ይዛነፋል። አይቡፕሮፌን ስታዝዙ በየትኛው አቆጣጠር እንደ ጻፋችሁ በቃል ንገሩ።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ትርጓሜውን ሲያሻሽል፣ ሰው ስለ ሕመሙ የሚናገረው ሊከበርለት እንደሚገባና መናገር አለመቻል ሕመም ላለመኖሩ ማስረጃ እንዳልሆነ አብሮ አስፍሯል። በእኛ ዘንድ ሕመምተኛው ይናገራል፤ እኛ ግን ሌላ ነገር ጠይቀነው ነው። «እንዴት አደሩ?» ሰላምታ ነው። መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» መሆኑ የአገር ሥርዓት ነው፤ ቤቱ የተቃጠለበት ሰውም እንዲሁ ይመልሳል። ሰላምታውን አትተዉ፤ ሳይሰላመጡ ጥያቄ መጀመር ነውር ነው። ከሰላምታው ቀጥላችሁ ግን «አሁን ያምዎታል ወይ?» በሉ። ጋደም ብሎ ሳይንቀሳቀስ የተኛን ሰው ብቻ ጠይቃችሁ አትሂዱ፤ «እስቲ ያስሉ» በሉት፤ «እስቲ ይገልበጡ» በሉት፤ ፊቱን እዩ። ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር ስጡ ስትሉት ግራ የሚጋባ ገበሬ ካጋጠማችሁ «ምንም፣ ጥቂት፣ ብዙ፣ የማይቻል» ብላችሁ አስመርጡት።

ቋንቋችን በዚህ በኩል ባለጸጋ ነው፤ የማንጠቀምበት እኛ ነን። ቁርጠት፣ ውጋት፣ ጥዝጠዛ፣ ፍልጠት፣ ቁርጥማት እያንዳንዳቸው ሌላ ሕመም ናቸው። ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው «ይቆርጠኛል» ካለ አንጀቱን አስቡ። «ይጠዘጥዘኛል» ካለ ቁስሉን፤ መግል ይዞ እንደ ሆነም ገልጣችሁ እዩ። «ይለበልበኛል፣ ይነዝረኛል» ካለ ነርቭ ተነክቶ ይሆናል፤ ለዚያ ሞርፊን ብትጨምሩለት ብዙ አይጠቅመውም፣ ሕክምናው ሌላ ነው። ካርዱ ላይ «ሕመም አለ» ብቻ ብላችሁ ከምትጽፉ የተናገረውን ቃል እንዳለ ጻፉት። በእንግሊዝኛ ተርጉማችሁ አታበላሹት፤ በማግስቱ የሚያነበው ባለሙያም አማርኛ ያውቃል።

ለመስክ ሥልጠናው በሚቀሩት ሳምንታት ከነርሶቹ ጋር ተስማምተን የምንሠራው ነገር አለ። ቀዶ ጥገና የተደረገለት እያንዳንዱ ሕመምተኛ ሙቀቱና ግፊቱ በሚለካበት ሰዓት፣ ከእነሱ ቀጥሎ ባለች መስመር ላይ፣ ሲያስል ምን ያህል እንዳመመው ይጻፋል፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ያለውም ጭምር። የሌሊቱን መስመር ባዶ የተወ ተማሪ ለምን እንደ ተወው ጠዋት ላይ ያስረዳኛል። ተኝቶ ከነበረ «ተኝቷል» ተብሎ ይጻፍ፤ ዐይኑን ጨፍኖ ሕመሙን የሚያዳምጥ ሰው ግን የተኛ እንዳይመስላችሁ። እኔም ተኝተዋል ብዬ አልጋቸውን ያለፍኳቸው ጊዜ ነበር።

አንድ ጥያቄ እንደሚነሣ እጠብቃለሁ፤ ከስብሰባው በፊትም ከሆስፒታል የመጡ አንድ ባልደረባ ጠይቀውኛል፦ ኩላሊታቸው የደከመ፣ ሞርፊን በማይገኝበት ቦታ ያሉ፣ ትራማዶል ብቻ የቀረላቸው ሕመምተኛ ቢያጋጥሙን ምን እናድርግ? ትራማዶልም በደከመ ኩላሊት ይጠራቀማልና ጥያቄው ከባድ ነው። እኔ ብሆን ቁስሉን በማደንዘዣ እወጋለሁ፣ ፓራሲታሞሉን በሰዓቱ እሰጣለሁ፣ ትራማዶሉን በግማሽ መጠን ጀምሬ በረጅም ልዩነት እሰጣለሁ፣ አጠገባቸው ተቀምጬም ትንፋሻቸውን እቆጥራለሁ። ከዚህ የተሻለ ልምድ ያላችሁ በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ መድረኩ ለእናንተ ክፍት ነው።